ባለ ምሰሶ ድሪል፦ ባንኮ (የሥራ ጠረጴዛ) ላይ የሚቀመጠው ይሻላል ወይስ ከወለል የሚቆመው?

ለብረታ ብረት ሥራ ባለ ምሰሶ ድሪል ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው የሞተሩን ጉልበትና ቻኩ (መብሻውን ነክሶ የሚይዘው ክፍል) የሚይዘውን ትልቁን ፑንታ፣ ማለትም መብሻ፣ ነው፤ ሻጩም የሚያሞግሰው እነዚህኑ ነው። ማሽኑ በእርግጥ ምን እንደሚችል የሚወስነው ግን ብዙ ገዢ የማይጠይቀው ቁጥር፣ ማለትም ስፒንድሉ (ቻኩን የሚያዞረው ዘንግ) ሊዞርበት የሚችለው ዝቅተኛ ፍጥነት ነው።

ነገሩ ከስሌት የሚመነጭ ነው። ተራው የኤችኤስኤስ (ሙቀት የሚችል ጠንካራ ብረት) ፑንታ ለስላሳ ብረት ሲበሳ የጠርዙ ፍጥነት በደቂቃ 25 ሜትር ገደማ ቢሆን ይመረጣል፤ ይህም ለባለ 5 ሚሊ ሜትር ፑንታ በደቂቃ 1600 ዙር፣ ለባለ 10 ሚሊ ሜትር 800 ዙር፣ ለባለ 20 ሚሊ ሜትር ደግሞ 400 ዙር ያህል ማለት ነው። ስቴንለስ ከዚህ ግማሹን ብቻ ስለሚፈቅድ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ፑንታ እንኳ ከ400 ዙር በላይ ሲሄድበት ጫፉ ሰማያዊ ይሆንና ይደንዛል። አሉሚኒየም በአንጻሩ ከለስላሳው ብረት በእጥፍና ከዚያም በላይ ፍጥነት ይችላል፤ ለእርሱ ብቻ የሚገዛ ሰው የሚከተለውን ያህል መጨነቅ አይኖርበትም።

ባንኮ ላይ የሚቀመጠው አነስተኛው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ፑሊ (የቺንጋ መዘውር) እና አንድ ቺንጋ (ቀበቶ) ብቻ ይዞ፣ በደቂቃ ከ500 ወይም ከ600 ዙር ጀምሮ እስከ 2600 ገደማ በአምስት እርከን ይሠራል። ሞተሩ በደቂቃ 1400 ዙር ገደማ ስለሚዞር በአንድ ጥንድ ፑሊ የስፒንድሉን ፍጥነት ከ500 ዙር በታች ማውረድ ያስቸግራል። ስለዚህ 13 ሚሊ ሜትር የሚይዘው ቻኩ ከፍጥነቱ ጋር የተመጣጠነ ነው፤ ችግሩ የሚመጣው እግሩ የቀጠነ ባለ 20 ሚሊ ሜትር ፑንታ ተገዝቶ በዚያው ቻክ ሲታሰር ነው፤ ፑንታው ይገባል፣ ብረቱን ግን ከመብሳት ይልቅ ያቃጥለዋል። ከወለል የሚቆመው በመካከል ሦስተኛ ፑሊ ስለሚኖረው 12 ወይም 16 እርከን ይዞ እስከ 200 ዙር አካባቢ ይወርዳል፤ ስፒንድሉም ብዙውን ጊዜ የሞርስ ቴፐር ቁጥር 2 የተባለው መደበኛ ሾጣጣ ቀዳዳ ስላለው ቻኩ ተነቅሎ እግሩ ሾጣጣ የሆነ ትልቅ ፑንታ በቀጥታ ይገባበታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ ባለ ሦስት ፑሊውና ባለ ሞርስ ቴፐሩ ማሽን አጭር ምሰሶ ተገጥሞለት ለባንኮም ይሸጣል። በርና መስኮት ለሚሠራ፣ ቱቦላሬና ላሜራ ለሚበሳ ወርክሾፕ ከርካሽ ባለ ረጅም ምሰሶ ይልቅ እኔ የምመርጠው ይህን ነው። የረጅሙ ምሰሶ ጥቅም ጉልበት ሳይሆን ቁመት ነው፤ ጠረጴዛው ወደ ጎን ሲዞር አንድ ሜትር ያህል የሚረዝም ዕቃ ቆሞ ጫፉ ይበሳል። እንዲህ ያለ ሥራ በዓመት አንዴ ብቻ የሚመጣ ከሆነ የወለሉን ቦታ ማጣበብ አያስፈልግም። በዝርዝር መግለጫው ላይ «330 ሚሊ ሜትር» የሚለው ስፋትም (መሃሉ ሊበሳ የሚችለው የዕቃ ስፋት ማለት ነው) ብዙዎችን ያሳስታል፤ ከምሰሶው እስከ ፑንታው ያለው ርቀት የዚህ ግማሽ፣ 165 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

በአተካከል ረገድ ሁለቱም ማሽኖች ክብደታቸው ከላይ ስለሆነ፣ አንዱ ከባንኮው ሌላው ከሲሚንቶው ወለል ጋር በቡሎን ካልታሰሩ ሊወድቁ ይችላሉ። በአሠራር ግን አደጋቸው ይለያያል። በትንሹ ማሽን ላይ ሠራተኛው ቁራጭ ላሜራ በእጁ ይዞ ለመብሳት ይፈተናል፤ ፑንታው ከታች ብቅ በሚልበት ቅጽበት ላሜራውን ይነክስና እንደ ምላጭ ያሽከረክረዋል። በትልቁ ማሽን ደግሞ ቀስ ብሎ መዞሩ ያዘናጋል፤ ፑሊው ፍጥነቱን በቀነሰ መጠን የመጠምዘዝ ኃይሉ ስለሚጨምር የያዘውን አይለቅም። ስለዚህ በሁለቱም ላይ ዕቃው በሞርሳ (ነክሶ በሚይዝ ማሰሪያ) ወይም በቡሎን ይታሰራል፤ ረጅም ዕቃ ከሆነ ቢያመልጥ እንኳ ምሰሶው እንዲያግደው ከምሰሶው በስተግራ ይደገፋል። ጓንት፣ የተንጠለጠለ እጅጌና ያልታሰረ ጸጉር ወደሚዞር ፑንታ አይቀርቡም፤ መነጽር ይደረጋል፤ የቻኩ ቁልፍ ከቻኩ ሳይወጣ ማብሪያው አይነካም፤ ቺንጋም የሚቀየረው ሶኬቱ ተነቅሎ ነው።

በአገራችን ሁኔታ ከዋጋ ልዩነት በፊት መታየት ያለበት ማብሪያ ማጥፊያው ነው። መብራት ሲጠፋ ራሱን የሚያላቅቀው ዓይነት፣ መብራቱ ሲመለስ አረንጓዴው ቁልፍ እንደገና ካልተጫነ ማሽኑን አያስነሣም፤ ተራው ማብሪያ የተገጠመለት ማሽን ግን ሠራተኛው ፑንታ እየቀየረ ሳለ በድንገት ሊነሣ ይችላል። ሱቅ ውስጥ ማሽኑን አስነሥቶ ሶኬቱን መንቀልና መልሶ መሰካት ልዩነቱን ወዲያው ያሳያል። ወርክሾፑ ስሪ ፌዝ (ባለ ሦስት መስመር ኤሌክትሪክ) ከሌለው ባለ 380 ቮልቱን ትልቅ ማሽን በርካሽነቱ ብቻ መግዛት አይመከርም። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ባለ 120 ቮልት ማሽንም ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ 60 ኸርዙን አያስተካክልለትም፤ በደቂቃ 1725 ዙር የተባለው ሞተር እዚህ በ50 ኸርዝ ወደ 1440 ይወርዳል፤ ይህ ብረት ለሚበሳ አይጎዳም፣ ሞተሩ ግን ከልኩ በላይ ይግላል። ዘንጉ የሚመጥን ባለ 220 ቮልት ሞተር ከተገኘ መቀየሩ ይሻላል።

ያገለገለ ማሽን የሚገዛ ሰው ስፒንድሉን እስከ መጨረሻው አውርዶ ወደ ጎን ይግፋው፤ ከተነቃነቀ ኩሽኔቱ ወይም ስፒንድሉን ይዞ የሚወርደው ማውረጃ አልቋል ማለት ነው። ቀጥሎም የታጠፈ ሽቦ በቻኩ አስሮ ጫፉን ጠረጴዛው ላይ በእጅ ቢያዞር፣ ሽቦው በአንድ በኩል ነክቶ በሌላው ከራቀ ጠረጴዛው አዘንብሏል፤ ይህ በማስተካከያ ቡሎን ይቃናል። ኩሽኔትም ይለወጣል። በመጨረሻ ሶኬቱ ተነቅሎ ቻኩ ከወጣ በኋላ የስፒንድሉ ሾጣጣ ቀዳዳ በጣት ይዳሰስ፤ ውስጡ ከተቧጨረና ከተቦረቦረ ፑንታው ተሽከርክሮበታል ማለት ስለሆነ፣ የተጠየቀው ዋጋ ምንም ያህል ቢቀንስ ሌላ ማሽን ማየት ይሻላል።