ለቡፌያችን ባለሙያ ምስጋና፣ ሀዋሳ ላላችሁ ደግሞ ጥቆማ

ሀዋሳ ውስጥ የተለየ የቤት ዕቃ ማሠራት የምታስቡ ይህን አንብቡልኝ። አቶቴ አካባቢ አነስ ያለች የእንጨት ሥራ ቤት ያላቸው አንድ አባት ለሳሎናችን ቡፌ ሠርተውልናል፤ እንዲህ ዓይነት ባለሙያ በዝምታ መታለፍ የለበትም።

ባለቤቴ የሆላንዳዊውን ሠዓሊ የፒት ሞንድሪያንን ሥራዎች ትወዳለች። በተለይ በፈረንጆቹ 1930 የሣለውን፦ ከላይ በስተቀኝ ሰፊ ቀይ፣ ከታች በስተግራ ሰማያዊ፣ በታችኛው ቀኝ ጥግ ትንሽዬ ቢጫ፣ የቀረው ነጭ፣ በመሃል ወፋፍራም ጥቁር መስመሮች። ይህን ወደ ቡፌ ቀይሩልን ስንል ሌሎች ያነጋገርናቸው ቤቶች ፎቶውን በስቲከር አሳትመው በሩ ላይ ሊለጥፉልን ነበር ያሰቡት። እሳቸው ግን ስልኩን ተቀብለው ረዘም ላለ ጊዜ ካዩት በኋላ፣ "ቀዩ ውስጥ ምን ልታስቀምጡበት ነው?" አሉን።

ሥዕሉ አራቱም ጎኑ እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ ቡፌ ደግሞ ወደ ጎን ይረዝማል። "ከለጠጥነው ይበላሻል" አሉና ቀዩን ሳይነኩ ነጩን አበዙት። ቀዩ ትልቁ በር ሆነ፣ ሳህኑና ትሪው እዚያ ይገባል። ሰማያዊው ሰፊ መሳቢያ ነው። ቢጫዋ ደግሞ መብራት ሲጠፋ የምንሮጥላት የሻማና የባትሪ ቦታ ሆናለች። ጥቁሮቹ መስመሮች በቀለም የተሰመሩ እንዳይመስላችሁ፤ ጥቁር የተቀቡ ቀጫጭን የእንጨት ዘንጎች ናቸው። የበሩና የመሳቢያው ክፍተት ሁሉ በእነሱ ጥግ ስለሚያርፍ ሲዘጋ የቱ በር፣ የቱ መሳቢያ እንደሆነ አይለይም። እጀታም የለውም፣ የዘንጉ ጀርባ ጣት እንዲያስገባ ተደርጎ ተፍቋል። የበሩን ዳር ከላይ እስከ ታች በጣቴ ሄድኩበት፤ አንድም ቦታ አይሰፋም፣ አይጠብም።

ፍሬሙ በደንብ የደረቀ ዋንዛ ነው፣ ባለቀለሞቹ ገጾች ግን ኤምዲኤፍ፣ ማለትም ከእንጨት ብናኝና ሙጫ ተጨፍልቆ የሚሠራ ሰሌዳ። ለምን ብለን ስንጠይቅ ቁጭ አድርገው አስረዱን፦ ጣውላ እርጥበት ሲያገኝ በወርዱ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሰፊ ገጽ ላይ መጋጠሚያው ቀለሙን ይሰነጥቀዋል። ኤምዲኤፍ እንደዚያ አይንቀሳቀስም፣ ጠላቱ ውሃ ነው። ስለዚህ ጠርዙን በሙሉ ደፍነው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈትገው ነው ቀለሙን የረጩት፤ ቤት ሲወለወል ውሃ እንዳያገኘውም በእግር ከፍ አድርገውታል።

አንድ ቀን የሌላውን ሆላንዳዊ፣ የቤት ዕቃ ነዳፊውን የገሪት ሪትፌልድን ቀይና ሰማያዊ ወንበር ፎቶ አሳየኋቸው። ዘንጎቹ መገናኛቸው ላይ ሳይቆሙ አልፈው እንደሚሄዱ አዩና፣ "ውስጥ ለውስጥ በእንጨት ችንካር ነው የያዛቸው። ይሄ ሰውዬ አናጺ ነው" አሉ። እውነትም ሪትፌልድ በሆላንድ የኡትሬክት ከተማ አናጺ ልጅ ነው፣ ሙያውን የጀመረው በአባቱ ሥራ ቤት ነው። ወንበሩን በፈረንጆቹ 1918 ገደማ ነድፎ ቀለሙን የቀባው ከዓመታት በኋላ ነው። ይህን ስነግራቸው የተደሰቱት ደስታ! ሥዕል የሚያነብ አናጺ ማግኘት ምን ያህል መታደል እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ዋጋቸው ከተለመደው የሱቅ ቡፌ ከፍ ይላል፣ ለእኔ ግን ይገባቸዋል። ቀብድ ይቀበላሉ፤ ቀሪው ዕቃው ቤት ገብቶ በሩም መሳቢያውም ተከፍቶ ተዘግቶ ከታየ በኋላ ነው። እንጨቱ አልደረቀም ብለው ቀጠሮ ገፍተውብናል፤ ቀኑ ከመድረሱ በፊት ግን ራሳቸው ደውለው ነው። ለሠርግ ወይም ለበዓል ለማድረስ የምትጣደፉ ከሆነ በጊዜ ሂዱ።

አባታችን፣ እጅዎ ይባረክ! ዕድሜና ጤና ይስጥልን። አብረዎት ሌት ተቀን የለፋችሁ ልጆችም ተባረኩ፣ የቀለሙ ጥራት የእናንተ ነው። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። የግድግዳችሁን ልክና የምትወዱትን ሥዕል ይዛችሁ ሂዱ።