ኮዳክ ዱዋፍሌክስ፦ ፊልም ሳይጎርስ የሚሠራ አሮጌ ካሜራ

ዱዋፍሌክስ የሚጎርሰውን 620 ፊልም ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ1995 መሥራት አቁሟል። ቢሆንም አናቱ ላይ ያለው ጎበጥ ያለ የማያ መስታወት ብቻውን ይበቃል፤ ሌላ ዲጂታል ካሜራ ከላይ ሆኖ መስታወቱ ላይ የሚታየውን ምስል ያነሳል።

ወሳኙ በሁለቱ ካሜራዎች መካከል የሚቆመው የካርቶን ቱቦ ነው። ቁመቱን የሚወስነው የዲጂታሉ ሌንስ በቅርበት ማጥራት የሚችልበት ርቀት ነው፤ በተለመደው 18-55 ሚ.ሜ. ሌንስ 25 ሳንቲ ሜትር ግድም። ርቀቱ የሚቆጠረው ግን ከሌንሱ አፍ ሳይሆን ከሴንሰሩ (በዲጂታሉ ውስጥ ብርሃን ከሚቀበለው ክፍል) ነው፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የቱቦው ውስጥ ካልጠቆረ ወይም መጋጠሚያው ብርሃን ካስገባ ምስሉ ይነጣል፤ እንጦጦ ላይ ደግሞ የቀትር ፀሐይ አይምርም። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት በባሕር ዛፉ መሃል የሚገባው ብርሃን ይሻላል።

ፎከሱን በእጅ ያድርጉት፤ አውቶፎከስ መስታወቱ ላይ ባለው አቧራ ላይ ይጣበቃል። በዙሪያው ያለው ጥቁር ካሜራውን ስለሚያታልለው ኤክስፖዠሩን (የሚገባውን የብርሃን መጠን) አንድ ስቶፕ፣ ማለትም በግማሽ፣ ይቀንሱ። አቧራውን ግን አይጥረጉት፣ ውበቱ እሱ ነው!

መስታወቱ ግራና ቀኙ የተገለበጠ ምስል ስለሚያሳይ በሱሉልታ ሜዳ የሚሮጥ ፈረስ ለመከተል አይመችም። ዱዋፍሌክስ ሲገዙ ሹተሩ (ለፊልሙ ብርሃን የሚከፍተው መዝጊያ) ባይሠራ ግድ የለም፤ የማያው መስታወት ከተሰነጠቀ ይለፉት።