የእጅ ፈትል ጋቢ፦ ስትገዙ ማጉን እዩ

ሽሮ ሜዳ ጋቢ የሚሸጥ ሁሉ «የእጅ ፈትል ነው» ይላል። ብዙውን ጊዜ ግማሹ እውነት ነው፤ ድሩ (በቁመት የሚወጠረው) የፋብሪካ ክር፣ ማጉ (በአግድም የሚገባው) ብቻ የእጅ ፈትል። ይህ ማጭበርበር አይደለም። ድር ተወጥሮ ስለሚቆይና ማጉን የሚያጠጋጋው መምቻ በመታ ቁጥር ስለሚፋተግ ጠንካራ ክር ይፈልጋል። ጋቢ የሚያሞቀው ግን በማጉ ነው፤ ላላ ተደርጎ የተፈተለ ማግ አየር ይይዛል፣ ታጥቦ ሲደርቅ ደግሞ ይበልጥ ይፋፋል። ማጉም የፋብሪካ ከሆነ አራት ድርብ የሆነ ስስ ጨርቅ ነው የገዛችሁት።

እንግዲህ የጋቢው ጥራት በአመዛኙ የሚወሰነው ሸማኔው እግሩን የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ከማስገባቱ በፊት፣ በሴቶች እጅ ነው። በጋሞ ደጋም ሆነ በሌሎች ብዙ የሽመና አካባቢዎች መዳመጥ (ፍሬውን ማውጣት)፣ መንደፍ (ጥጡን ማፍታታት) እና መፍተል የሴት፣ ድር ማድራትና መሸመን የወንድ ሥራ ሆኖ ኖሯል። ዳማጯ ጥጡን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አድርጋ ቀጭን ብረት ስታንከባልልበት ፍሬው ወደፊት ፈንጠር ይላል። ብረቱን አለቅጥ ከተጫነችው ፍሬው ይፈርጥና ስባሪው ጥጡ ውስጥ ይቀራል፤ ነጭ ጋቢ ላይ የምታዩት ቡናማ ነጠብጣብ ብዙ ጊዜ እሱ ነው እንጂ ቆሻሻ አይደለም። ቀጥሎ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ፣ ማለትም ለመፈተል የተዘጋጀ ለስላሳ ጥጥ ይሆናል። በችኮላ ከተነደፈ ድብልብሉ ሳይፈታ ይቀርና ፈትሉ ጉብ ጉብ ይላል። እንዝርቱ ላይ ደግሞ ማጉ ከከረረ ጋቢው ይደርቃል፤ ከመጠን በላይ ከላላ ጥቁር ሹራብ ላይ ነጭ ብናኝ ያራግፋል።

እንዝርት ልጅ ሲያለቅስ ይቀመጣል፣ የሽመና ዕቃ ግን የተተከለ ነው፤ የሥራው ክፍፍል ከዚህ የመጣ ነው የሚሉ አሉ። ግማሽ ማብራሪያ ነው። ሴት ሽመና ላይ መቀመጧ በብዙ ቦታ ነውር ተብሎ መቆየቱን አይነግረንም። ሸማኔው በቀናት የሚጨርሰውን ማግ ለመፍተል ሳምንታት ይፈጃል፤ ሆኖም ፈታይዋ ልቃቂቷን ሸጣ ትሄዳለች፣ ጋቢው ሲሸጥ ገዢ የሚያደንቀው ጥለቱንና ሸማኔውን ነው። (ስድቡም ቢሆን የሸማኔው ነበር፤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን መስደብ በአዋጅ ሲከለክሉ እሱም ከተጠቀሱት አንዱ ነው።)

የሸማኔው ጥፋት ዳሩ ላይ ይታያል። ማጉን የሚያሻግረውን መወርወሪያ ሲያሳልፍ ማጉን ከሳበው ጠርዙ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ጋቢው የሚሠራባቸው ሁለት ቁራጮች ጎን ለጎን ሲጋጠሙ መሃል ላይ ያለው ስፌት ይጨማደዳል። ጋቢውን ዘርግታችሁ ስፌቱን ብቻ ተከተሉ፣ ይበቃል።

ሻጩ ክር መዝዞ በክብሪት ካሳያችሁ ከየት እንደመዘዘው እዩ። ቋጩ የድሩ ጫፍ ስለሆነ ስለ ማጉ ምንም አይናገርም። ከቋጩ ሥር ያለችውን የመጨረሻ አግድም ክር እናንተው ምዘዙ፣ ፈታ አድርጋችሁ ሳቧት። የእጅ ፈትል አንዱ ቦታ ወፈር ሌላው ቀጠን ይላል፤ ከመበጠስ ይልቅ እየተንሸራተተ ወደ ጥጥነቱ ይመለሳል። ስትቃጠል እንደ ወረቀት ሸታ አመድ ከሆነች ጥጥ ነች፤ ቀልጣ ጠጣር እንክብል ከሠራች ሰው ሠራሽ ክር ገብቶበታል፤ በእጅ ፈትል ዋጋ አትግዙት።

መጀመሪያ ሲታጠብ መኮማተሩ አይቀርም፤ ስለዚህ ልክክ ያለውን ሳይሆን ትንሽ ተረፍ የሚለውን ምረጡ። በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፉት፤ በረኪና አታስነኩት፣ አትጠምዝዙት። ከመዘፍዘፋችሁ በፊት ግን ነጭ ጨርቅ አርጥባችሁ ጥለቱን እሹት፤ ጨርቁ ቀለም ከያዘ ጋቢው ጥለቱ ሳይነካ እየተያዘ ነው መታጠብ ያለበት።