«እንዴት አደሩ?» ብላ ለምትጠይቀኝ አሰልጣኜ

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ካሰብኩ ቆየሁ። ልጅቷ ስሟ እንዲነሳ አትወድም። ባለፈው ሳምንት «ስሜን ሳይጠሩ ከሆነ ይጻፉ» ስትለኝ ደስ አለኝ። እኔ «ኮች» ነው የምላት፤ እዚህም እንደዚያው ልበላት። እሷ «ጋሼ» ትለኛለች። ዕድሜዬ 53 ነው፤ እሷ ከመጀመሪያ ልጄ ብዙም አትበልጥም።

ሥራዬ ሒሳብ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት የደም ግፊት ተገኘብኝ። ሐኪሜ መድኃኒት አዘዘልኝና «ጨው ይቀንሱ፣ ሰውነትዎን ያንቀሳቅሱ» አለኝ። በዚያው ሳምንት ሰፈራችን ያለ ጂም ተመዘገብኩ። የአራት ወር ከፈልኩ።

እዚያ የነበረው አሰልጣኝ ልቡ ክፉ አልነበረም። ግን የሚያውቀው አንድ መለኪያ ብቻ ነው፤ «ካላመመህ አልሠራህም»። እኔም አመንኩት። በመጀመሪያው ቀን ስኳት (ቁጭ ብድግ) እየቆጠረ ሲያሠራኝ ዓይኔ ጨለመ። ቤቴ ስገባ ላብ በላብ ሆኜ፣ እግሬ እየተንቀጠቀጠ፣ ለባለቤቴ «ዛሬስ ሠራሁ!» አልኳት። በሦስተኛው ቀን ደረጃ መውረድ አቃተኝ። ብረቱን በሁለት እጄ ይዤ፣ ፊቴን ወደ ደረጃው አዙሬ፣ ወደ ኋላ ነበር የምወርደው። አሥር ቀን ቀረሁ። ተመልሼ ሄድኩ፣ ያው ሆነ፣ ደግሞ ቀረሁ። በአራት ወር ውስጥ የሄድኩት 17 ቀን ብቻ ነው።

ያኔ ግን ጥፋቱ የኔ ስንፍና ነው ብዬ ነበር የማስበው። አንድም ቀን «ያ የሠራሁት ነገር ጠቀመኝ ወይ?» ብዬ አልጠየቅኩም። ማመሙ ራሱ መልስ መስሎኝ ነበር።

ኮችን ያገናኘችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ኮች ቀድሞ ሯጭ ነበረች፤ ጉዳት ደርሶባት አቆመች፤ ከዚያ ተምራ አሰልጣኝ ሆነች። የመጀመሪያው ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ የስፖርት ጫማዬን አጥብቄ አስሬ ደረስኩ። ልጅቷ ግን ድንጋይ ላይ አስቀመጠችኝና ጥያቄ ጀመረች። ምን መድኃኒት ነው የሚወስዱት? ሐኪምዎ ስፖርት እንደሚጀምሩ ያውቃል? ደረትዎን ያምዎት ያውቃል? ሐኪሜን ሳልጠይቅ መጥቼ ስለነበር «ጠይቀው ይምጡ፤ እኔ እጠብቃለሁ» ብላ መለሰችኝ። ገንዘብ አልተቀበለችም።

በሁለተኛው ቀጠሮ ሌላ ጥያቄ አመጣች። «ጋሼ፣ አሁን ምን ማድረግ ነው ያቃተዎት?» እኔ ስለ ቦርጭ ልነግራት ተዘጋጅቼ ነበር። ትንሽ ዝም ብዬ እውነቱን ነገርኳት። ቢሯችን አራተኛ ፎቅ ነው። መብራት ሲጠፋ ሊፍቱ ይቆማል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ስልክ የማናግር መስዬ እቆማለሁ፤ ትንፋሼ ተቆራርጦ ሰው እንዳያየኝ። ሌላው ደግሞ ውኃ ሲጠፋ 20 ሊትር ጀሪካን ከግቢው በር እስከ ወጥ ቤት መሸከም አልችልም፤ ልጆቼ ናቸው የሚሸከሙልኝ።

ሁለቱን ጻፈቻቸው። ሰማያዊ ሽፋን ያለው ባለ ካሬ ደብተር ነው፤ ጥጉ ታጥፏል፤ እርሳሱ በክር ታስሮበታል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «4 ፎቅ፣ ጀሪካን» ይላል። ከዚያ በኋላ የሠራነው ነገር ሁሉ ለእነዚህ ለሁለቱ ነው።

ደብተሩ ላይ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ መስመር አለ። መስመሩ አራት ነገር ይይዛል፤ ዛሬ የመጣነው ለምንድን ነው፣ ስንት ደቂቃ ሠራን፣ እኔ የምሰጠው ቁጥር፣ እና በማግሥቱ ጠዋት «እንዴት አደሩ?» ስትል የምመልስላት። አራተኛው ሳይሞላ ቀኑ ጥሩ ነበር ወይም መጥፎ ነበር አትልም። ሁላችንም በየቀኑ የምንባባለው ሰላምታ እሷ ዘንድ ከባድ ጥያቄ ነው። «ደህና፣ እግዜር ይመስገን» ካልኳት አትለቀኝም። እንቅልፍ እንዴት ነበር? ጉልበትዎስ? ደረጃ ሲወርዱ ምን ተሰማዎት? ከአልጋ ሲነሱ ሰውነትዎ ቀለል አለዎት ወይስ ከበደዎት?

ስለ ቁጥሩ ትንሽ ላብራራ፤ ለብዙ ሰው ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ከ0 እስከ 10 ነው። 0 ማለት ቁጭ ብሎ እንደማረፍ፤ 10 ማለት ከዚህ በላይ አንድ እርምጃ የማልችለው። መነሻው ጉናር ቦርግ የተባለ ስዊድናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የጀመረው ሥራ እንደሆነ ነግራኛለች። ሰው ምን ያህል እንደደከመ ራሱን ቢጠየቅ መልሱ እውነተኛ መረጃ ነው የሚል ነው። ኮች ቁጥሩን የምትጠይቀኝ ግን ወዲያው እንደጨረስን አይደለም። ሰውነታችንን አፍታተን፣ ውኃ ጠጥቼ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ነው፤ አንዳንዴ ቢሮ እየሄድኩ በስልክ። ወዲያው ከተጠየቅኩ የመጨረሻው ዳገት ብቻ ነው የሚታወሰኝ። ከዚያ ቁጥሩን በደቂቃው ታባዛዋለች። 40 ደቂቃ ሠርቼ 4 ካልኩ 160 ነው። 25 ደቂቃ ሠርቼ 8 ካልኩ 200 ነው። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ይህ ነገር ወዲያው ገባኝ። አጭሩ ቀን ከረጅሙ በላይ ሊያደክም ይችላል፤ የሳምንቱ ድምር ሲታይ ደግሞ ሰውነቴ ላይ ምን ያህል እንደጫንኩ ይታያል።

ዋናው ነገር ግን እዚህ ጋ ነው። ቁጥሩ ሲበልጥ ደስ አይላትም። ለ4 የታሰበ ቀን 7 ካልኳት ፊቷ ይለወጣል። «ጋሼ፣ ዛሬ የፈለግነውን አልሠራንም» ትለኛለች። እኔ ጎበዝ ነህ የምትለኝ መስሎኝ ነበር! ሩጫ ያስተማራት ይህ ነው። የኛ ሯጮች ቀላል በሚሉት ቀን በእንጦጦ ጫካ ወይም በሱሉልታ ሜዳ ሲያዘግሙ ያየ ሰው ሻምፒዮኖች ናቸው ብሎ አይገምትም። ጠንካራው ቀን ጠንካራ የሚሆነው ቀላሉ ቀን በእውነት ቀላል ሲሆን ነው።

ልጄ ከዲሲ ሰዓት ልኮልኝ ነበር፤ የልብ ምት የሚቆጥር። እሱን አምጥቼ አሳየኋት። አልናቀችውም። ግን የምወስደውን መድኃኒት ታውቅ ስለነበር አስጠነቀቀችኝ። አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች የልብ ምትን ዝቅ ያደርጋሉ። ስለዚህ ሰዓቱ «ገና ነህ» ሲለኝ እኔ በጣም ደክሜ ልሆን እችላለሁ። ግፊት ያለባችሁ ሰዎች ይህንን ሐኪማችሁን ጠይቁት። የኛ መለኪያ ወሬ ነው። ዳገት እየወጣን የጤፍ ዋጋ ታስወራኛለች። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከወጣልኝ መጠነኛ ነው። ሁለት ሦስት ቃል ብዬ አየር ከሳብኩ ከባድ ነው። ምንም ሳልል በጭንቅላቴ ብቻ ከመለስኩ ታስቆመኛለች። ክብደት ሳነሳ ደግሞ ትንፋሼን አፍኜ እንዳልይዝ ደጋግማ ትነግረኛለች፤ ማፈኑ ግፊትን ከፍ ያደርጋል።

ስለ ላብም አንድ ነገር። ድሮ እኔም ላስቲክ ጃኬት ለብሼ ነበር የምሠራው። ስጨርስ ሚዛን ላይ ወጥቼ አንድ ኪሎ ቀነስኩ ብዬ እደሰት ነበር። ኮች ውኃ አጠጥታ፣ ቁርስ አስበልታ እንደገና መዘነችኝ። ኪሎው ተመለሰ። ላብ ሰውነት ራሱን የሚያቀዘቅዝበት ነው፤ የወጣውም ውኃ ነው። ላስቲኩን ለመኪና ማጠቢያ ሰጠሁት።

ሕመሙንም አስረዳችኝ። አዲስ እንቅስቃሴ ሲጀመር፣ በተለይ ቁልቁለት ሲወረድና ያነሱት ክብደት ቀስ ተብሎ ሲወርድ፣ ጡንቻ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ሊያም ይችላል። ትንሽ ቢያም ችግር የለውም። ግን ማመሙ ጥሩ ለመሥራቴ ማስረጃ አይደለም፤ አለማመሙም ለመስነፌ ማስረጃ አይደለም። ሰውነት ሲለምድ ያው ሥራ አያምም፤ ጥቅሙ ግን ይቀጥላል። ከባድ ስፖርት ተሠርቶ ሽንት እንደ ኮካ ከጠቆረ ግን ቀጥታ ሐኪም ቤት ነው። ይህን በዚያ ጂም ማንም አልነገረኝም ነበር።

አሁን ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝን ቀን ልንገራችሁ።

የአክስቴ ልጅ አርፋ ሌሊቱን ለቅሶ ቤት አድሬ ነበር። ቀጠሮ ነው ብዬ በዚያው በቀጥታ ሄድኩ። ዕቅዱ የደረጃ ቀን ነበር፤ ከሁሉም የሚከብደው። ኮች ገና ከሩቅ አይታኝ ደብተሩን ዘጋችው። «ጋሼ፣ ሳንጀምር ቁጥርዎ ስንት ነው?» አለችኝ። ሳንጀምር ጠይቃኝ አታውቅም ነበር። 6 አልኳት። ስለ ሟቿ ጠየቀችኝ። እየተራመድን ነገርኳት። እንዴት እንዳሳደገችኝ፣ በበዓል ዶሮ ስትሠራ መላላጫውን ለኔ እንደምትደብቅልኝ። ስንት ጊዜ እንደዞርን አላውቅም። ዞር ብዬ ሳያት ቆማለች። «በቃ፣ ዛሬ ጨርሰናል። ሄደው ይተኙ» አለችኝ። ሰዓቴን ሳይ 18 ደቂቃ ነው።

እውነቱን ለመናገር ቅር አለኝ። ለአንድ ሰዓት ነው የምከፍለው። ግን ቤቴ ገብቼ እንደተኛሁ ከሰዓት በኋላ ነው የነቃሁት፤ ወደ ለቅሶው ተመልሼ እስከ ማታ ሰው ስቀበል ዋልኩ። በማግሥቱ «እንዴት አደሩ?» ብላ ደወለች። «ቀለል ብሎኝ» አልኳት። በቀጣዩ ቀጠሮ ደብተሩን ሳየው የዚያ ቀን መስመር ላይ «የመጣነው፦ ለማሳረፍ። 18 ደቂቃ። ቁጥር 2። ጥሩ ቀን» ብላ ጽፋለች። የዚያን ቀን ክፍያም ለሌላ ቀን አሸጋግራዋለች። እኔ አልጠየቅኳትም።

ከዚያ ወዲህ ራሴም እንዲህ ማየት ጀመርኩ። ቅዳሜ እንጦጦ ፓርክ ስንሄድ ያው 40 ደቂቃ ከሰፈሬ ያነሰ መንገድ ነው የሚያስኬደኝ። ድሮ ብሆን እበሳጭ ነበር። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ቁጥሬ የታሰበው 5 ከሆነ ቀኑ ጥሩ ነው። በዐቢይ ጾም ደግሞ እስከ 9 ሰዓት ስለምጾም ሥራውን ወደ ማታ አዞረችልኝ፤ ጭነቱንም ቀነሰችው። እነዚያ ሳምንታት ደብተሩ ላይ ድምራቸው ትንሽ ነው። አንዱንም «መጥፎ» አላለችውም።

አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ከእሷ ጋር እሠራለሁ፤ በሌሎቹ ቀናት በእግሬ እሄዳለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴና ሁለት ቀን የጡንቻ ሥራ ይመክራል። እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ደግሞ አጫጭሩም ደቂቃ እንደሚቆጠር ገልጿል። ያን ካወቅኩ ወዲህ ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሜ መውረዴን ደብተሩ ላይ አስጽፋለሁ።

ያገኘሁትን ልንገራችሁ። በሦስተኛው ወር መብራት ጠፍቶ አራተኛ ፎቅ ሳልቆም ወጣሁ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ እጄ በልማድ ወደ ኪሴ ሄዶ ስልኩን ነካው፤ ግን አላወጣሁትም። ጀሪካኑን በአምስተኛው ወር ተሸከምኩ። ከእንቅልፌ ስነሳ የምቆጥረው የልብ ምት ከ82 ወደ 71 ወርዷል። ግፊቴ ተረጋግቷል። መድኃኒቴን ግን አላቆምኩም፤ የሐኪሙ ጉዳይ ነው ብላ ኮችም ስለዚያ አታወራም። ኪሎዬ የቀነሰው 3 ብቻ ነው።

ለማን እንደምመክራት ግልጽ ላድርግ። ለሠርግ በአንድ ወር መክሳት ለሚፈልግ አትሆንም፤ እንዲህ ብለው የመጡ ሁለት ሰዎችን ስትመልስ አይቻለሁ። ሙዚቃና ጩኸት ለሚወድም አትስማማም። ሰዓት ላይ ጥብቅ ናት፤ አሥር ደቂቃ ያረፈደ በቀረው ደቂቃ ብቻ ይሠራል። ዕድሜው ከ40 ያለፈ፣ ግፊት ወይም ስኳር ያለበት፣ ጀምሮ ጀምሮ ያቋረጠ ሰው ግን ዓይኑን ጨፍኖ ይሂድ። ለእናቶችም ጥሩ ናት፤ ባለቤቴ ካለፈው ወር ጀምራለች፤ የእሷ ገጽ ላይ የተጻፈው «ከስግደት ያለ ድጋፍ መነሳት» ነው።

ኮችዬ፣ በጣም አመሰግንሻለሁ። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ጉልበትሽንም ይማርልሽ።

ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሷን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሁለት ሰው መያዝ እንደምትችል ነግራኛለች። ስትሄዱ የምትወስዱትን መድኃኒት ስም በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።