ከጎርጎራ እስከ አባይ መውጫ፦ የጣና የጀልባ ጉዞ እንዴት ነው?

ግብፅ ውስጥ ከሉክሶር አስዋን የሚመላለሱትን የናይል መርከቦች በቪዲዮ ያላየ የለም። ሰዉ ሦስት አራት ሌሊት መርከብ ላይ እያደረ፣ በየመሀሉ እየወረደ ኤድፉንና ኮም ኦምቦን ይጎበኛል። ያምራል፣ አልክድም። ግን ጎንደር ተቀምጦ እሱን የሚመኝ፣ ጎርጎራ ወርዶ የማያውቅ ሰው ስንት አለ! ናይል ከሚባለው ውሃ ከ80 በመቶ በላይ የሚሄደው ከኛ አገር ነው። ጎርጎራ ደግሞ ከከተማችን 60 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው።

እኔ ከእናቴና ከእህቴ ጋር ሆኜ ከጎርጎራ ተነስተን፣ ደቅ ደሴት ላይ ናርጋ ሥላሴን ተሳልመን፣ አባይ ከጣና እስከሚወጣበት ባሕር ዳር ድረስ በሞተር ጀልባ ሄድን። በአጭሩ፣ ሂዱ። ግን አንዳንድ ነገር አውቃችሁ ሂዱ።

ጀልባው የሚያዘው በኮንትራት ነው። ዋጋው በሰው ሳይሆን በጀልባ ስለሆነ ሰብሰብ ብላችሁ ብትሄዱ ይቀላችኋል። ነዳጅ በጨመረ ቁጥር እሱም ስለሚጨምር እኔ የከፈልኩት ለእናንተ አይሠራም፣ እዚያው ተከራከሩ። የገዳማቱ መግቢያ ለብቻ ነው የሚከፈለው። የኛ ጀልባ ጣሪያ አለው፣ መቀመጫው ንጹሕ ነው፣ ሞተሩም አላስቸገረንም። ላይፍ ጃኬት ግን ለሁላችን አልበቃም፤ ስንጠይቅ ነው ከሌላ ጀልባ የመጣልን። ይሄ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፣ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ቶሎ ይቆጣል። በጠዋት ተነሱ፣ ጃኬቱን ቆጥራችሁ ተሳፈሩ። የመንገዱንም ሰላም ከጎንደር ሳትወጡ ጠይቁ።

ከመሳፈራችሁ በፊት ጎርጎራ ደብረ ሲና ማርያምን ሳታዩ እንዳትሄዱ። የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕሎቿ ብቻቸውን መምጣት የሚያስመኙ ናቸው። ከዳርቻው ስትርቁ እምቦጩን፣ ያን መጤ አረም፣ ታያላችሁ። በደንቢያ በኩል ሐይቁን እንዴት እንደያዘው በዜና መስማትና በዓይን ማየት ለየቅል ነው፣ እኔ በጣም ነው ያዘንኩት። እሱን ካለፋችሁ በኋላ ግን ውሃ ብቻ ነው። ዳርቻው ይጠፋል።

ናርጋ ሥላሴ የዚህ ጉዞ ልብ ነው። ያሠሯት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፣ ጎንደር ያለችውን ቁስቋም ማርያምን ያሠሩት የኛው እቴጌ። መቅደሱ ዙሪያ ከተሣሉት ሥዕሎች በአንዱ ላይ ራሳቸው እቴጌዋ እመቤታችን ከልጇ ጋር በተሣለችበት እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። እናቴ እዚያ ሥዕል ፊት ቆማ አልነቃነቅ አለች። ቁስቋም ስትሳለም ያደገች ሴት ናት፣ እቴጌዋን እንደ ዘመድ ነው የምታውቃቸው። ጀልባ ነጂው ግን ሰዓቱን እያየ ውጡ ውጡ ይለን ጀመር።

«አንተ ልጄ፣ እኛ እኮ ለመሳለም ነው የመጣነው፣ ለመቸኮል አይደለም» አለችው።

«እሺ እማማ፣ ንፋሱን ፈርቼ ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ ግን ይህ ሁሉ ሲነሱ መታሰብ ነበረበት። የጉዞው ትልቁ ጉድለት እሱ ነው፣ ችኮላ። እንዲህ ያለ ጉዞ ደሴት ላይ ካላደሩበት ግማሹ ይቀራል። ከኮንትራቱ በፊት የት ስንት ሰዓት እንደምትቆሙ ቁርጡን ተነጋገሩ።

ሌላው የደጋ እስጢፋኖስ ደሴት ገዳም ነው። ሴት አይገባበትም። ይህ የገዳሙ ሥርዓት ነው፣ እናከብራለን፤ ግን ጀልባ አከራዮቹ ቀድመው መናገር ነበረባቸው። እናቴና እህቴ ጀልባው ላይ ቀሩ፣ እኔ ብቻዬን ወጣሁ። የአፄ ፋሲል አፅም ያረፈው እዚያ ነው፤ አፄ ዘርዓ ያዕቆብም እዚያው ናቸው። ጎንደር ግንቡን በየቀኑ እያየሁ አድጌ ባለቤቱ ያረፉበትን ቦታ ስረግጥ ምን እንደተሰማኝ መናገር ይከብደኛል። እህቴን ጠርቼ ባሳያት ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ወደ ደቡብ። አባይ ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ጠበል ተነስቶ ጣና ይገባል፣ ሳይቀላቀልም አቋርጦ ይወጣል ብለው አባቶች ይናገራሉ። ኦሪት ዘፍጥረት ኢትዮጵያን ይከባል የሚለው ግዮን እሱ ነው ይላሉ። መውጫው ላይ ስትደርሱ ሐይቁ ይጠብና ውሃው መሄድ ሲጀምር ይታወቃችኋል። በዳርና ዳር ደንገል፣ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎች፣ ከቀናችሁ ደግሞ ጉማሬ። ነጂው ሞተሩን እንዲቀንስ ጠይቁት፣ ጉማሬው አካባቢ መጠጋትም አያስፈልግም። ከዚያ በታች የጨረጨራ ግድብ አለ፣ ጀልባ አያልፍም። ጢስ አባይን ማየት የፈለገ በመኪና 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል።

እናቴ እዚያ ውሃውን በእጇ ዘግና ፊቷን አበሰች። ቀሃና አንገረብ ወደ መገጭ፣ መገጭ ወደ ጣና እንደሚገባ ስነግራት በጣም ተደሰተች። የፋሲል መዋኛ የሚሞላው ከቀሃ ነው፤ እኛ ጎንደሬዎች በየጥምቀቱ የምንረጨው ውሃ መንገዱ ወደ አባይ ነው ማለት ነው። እንደኔ እንደኔ የሰው ልብ የሚነካው መርከቡ ሳይሆን ይሄ ነው። የግብፅ መርከቦች መዋኛ ገንዳና ምግብ ቤት አላቸው፣ የኛ ጀልባ ላይ የበላነው ከቤት የቋጠርነውን ዳቦ ቆሎ ነው፣ ግን ውሃው ዘመዳችን ነው።

አንድ ሰው ከጎርጎራ ባሕር ዳር የሁለት ቀን ጉዞ ቢያዘጋጅ፣ ማደሪያና በቂ ጃኬት ኖሮት፣ ሥርዓቱን የሚያስረዳ አስጎብኚ ይዞ፣ ደስ ብሎኝ እከፍላለሁ። እስከዚያ ግን ያለው ይበቃል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ሐይቁ ሙሉ ነው፣ ዙሪያውም ልምላሜ ነው። በዓል የሚወድ ደግሞ የሥላሴ ክብረ በዓል ጥር 7 ነው፣ ለጥምቀት ጎንደር የሚመጣ እንግዳ ካላችሁ ጥቂት ቀን ቀደም አድርጋችሁ ጥሩትና ናርጋን አሳዩት። ጀልባውን ግን ቀድማችሁ ያዙ።