ሱፐርኮንዳክተር፣ ሊቲየም ወይስ ጄኔሬተር? ለደሴና ለኮምቦልቻ ገዢዎች

ደሴ ላይ ወፍጮ ቤት ያለው ሰውና ኮምቦልቻ ላይ ክር የሚፈትል ፋብሪካ የመብራት ችግራቸው ለየቅል ነው። ወፍጮውን የሚጎዳው መብራት ለሰዓታት ሲሄድ ነው። ፋብሪካው ግን ብልጭ ድርግም ባለ ቁጥር ይከስራል፤ የማሽኑ መቆጣጠሪያ ይጠፋል፣ ክር ይበጠሳል፣ መስመሩን እንደገና ማስነሳት ጊዜ ይበላል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው "ለሰከንድ ነው ወይስ ለሰዓት?" የሚለው ነው።

የሱፐርኮንዳክተር ማከማቻ የሰከንድ ዕቃ ነው። ኤሌክትሪኩ በሽቦ ጥቅል ውስጥ ያለ ምንም ተቃውሞ ይዞራል፤ ጉልበቱም በማግኔቱ መስክ ውስጥ ይቀመጣል። ሲፈለግ በሚሊሰከንዶች ይለቃል። ሺህ ጊዜ ቢሞላና ቢለቅ እንደ ባትሪ አያረጅም። ጣጣው ማቀዝቀዣው ነው። የተለመደው የኒዮቢየም-ቲታኒየም ሽቦ የሚሠራው በፈሳሽ ሂሊየም፣ ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ አካባቢ ነው። ማቀዝቀዣው ደግሞ ራሱ ሌት ተቀን መብራት ይበላል። እኛ ጋ መብራቱ ሲሄድ እሱን ማን ሊያቀዘቅዝልን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1983 አሜሪካ ታኮማ ላይ ሥራ የጀመረው የሱፐርኮንዳክተር ማከማቻ 30 ሜጋጁል ይይዝ ነበር። ሲሰሙት ያስደነግጣል፤ ሲመነዘር ግን 8.3 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። ባለ 5 ኪሎዋት ሰዓት ሁለት ሊቲየም ባትሪዎች ይበልጡታል። እሱ ግን 10 ሜጋዋት መልቀቅ ይችል ነበር፤ በዚያ ፍጥነት በ3 ሰከንድ ባዶ ይሆናል። በ1980ዎቹ የአሜሪካ ጦር ለሌዘር መሣሪያ የፈለገውም ይህንኑ ፍጥነት ነበር፤ የታሰበው ግዙፍ ማከማቻ ግን ሳይሠራ ቀረ። ጄራልድ ፎርድ የተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ እንኳ አውሮፕላን የምታስነሳው በሱፐርኮንዳክተር ሳይሆን በሚሽከረከር ማሽን ውስጥ በተጠራቀመ ጉልበት ነው።

እንግዲህ ማን ምን ይግዛ? ለክሊኒክ ፍሪጅ፣ ለመብራትና ለኮምፒውተር ሊቲየም አይረን ፎስፌት (LiFePO4) ባትሪ ውሰዱ። የአሲድ ባትሪ መጀመሪያ ይረክሳል፤ ነገር ግን ከግማሽ በታች ካወረዳችሁት ቶሎ ይሞታል።

ወፍጮ ቤት ግን ሌላ ነው። 15 ኪሎዋት ሞተር ከላይ ያልናቸውን ሁለት ባለ 5 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪዎች በ40 ደቂቃ ይጨርሳቸዋል፤ ሲነሳ የሚስበውም ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው። ጄኔሬተሩን አትሽጡት።

ፋብሪካዎች ደግሞ የቮልቴጅ መመዝገቢያ ለጥቂት ሳምንት አስገጥሙ። ቮልቴጁ የሚወርደው ከሰከንድ ላነሰ ጊዜ ከሆነ፣ በየመቆጣጠሪያው ላይ ዩፒኤስ (መብራት ሲቋረጥ ወዲያው የሚተካ ባለ ባትሪ መሣሪያ) ማድረግ ይበቃ ይሆናል። ሱፐርኮንዳክተር አለኝ የሚል ሻጭ ከመጣ ግን ማቀዝቀዣው በቀን ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሚበላ፣ ሲበላሽም ጠጋኙ ከየት እንደሚመጣ በጽሑፍ ይስጣችሁ።