የአባባን ፎቶ ላነበቡልኝ ጋሼ፦ ምስጋናም ጥቆማም

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬ ልጀምር። ሦስት ወር ያንከራተተኝን ነገር አንድ ጡረታ የወጡ የአውራ ጎዳና መካኒክ በአንድ ረፋድ፣ ቡናው በረካ ሳይደርስ ጨረሱልኝ። ስማቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ለምነውኛል። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ።

ነገሩ የአያቴ ፎቶ ነው። አባባ ነበር የምንለው። በልጅነቱ ከወሎ ወጥቶ አስመራ ገባ። እስኪሞት ድረስ «በጦርነቱ ጊዜ ምጽዋ ላይ ከአሜሪካኖች ጋር ሠርቻለሁ» ይል ነበር። ማንም አላመነውም። እኛ የምናውቀው ጣልያን ወጣ፣ እንግሊዝ ገባ የሚለውን ነው። አሜሪካን የመጣው ኋላ ላይ፣ አስመራ በነበረው በቃኘው የጦር ሰፈርና በአውራ ጎዳና ጊዜ ነው እንላለን። አጎቶቼ «ደሞ ጀመረ» ብለው ይስቁበት ነበር። እኔም ስቄያለሁ።

አምና እቴቴ ስታርፍ ከሳጥኗ ሁለት ፎቶ ወጣ። አንደኛው ላይ አባባ ባዶ ደረቱን፣ ሽርጥ አገልድሞ፣ ባለ ሰንሰለት ትልቅ ማሽን አጠገብ ቆሟል። ከማሽኑ ረጅም የብረት ክንድ ይወጣና ከፎቶው ጠርዝ ያልፋል።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን አበሳ አትጠይቁኝ። መጀመሪያ የወሰድኩበት ፎቶ ቤት «እናድስልሻለን» ብሎ 2,000 ብር ተቀበለኝ። ሲመልስልኝ ማሽኑ ቢጫ ሆኗል፣ አባባ ጫማ ተጫምቷል። ማሽኑ ጎን ላይ የነበረችውን የደበዘዘች ጽሑፍ ቆሻሻ መስላቸው አጥፍተዋታል። ደግነቱ ዋናውን ፎቶ አልነኩትም። ቀጥሎ አንድ የድሮ ዕቃ አዋቂ ነኝ ባይ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ «ታንክ ነው፣ ከዐድዋ የተማረከ ሳይሆን አይቀርም» አለኝ። ዐድዋ እኮ በ1888 ዓ.ም ነው! ያኔ ታንክ የሚባል ነገር በዓለም ላይ አልነበረም። አንድ መሥሪያ ቤት ደግሞ «ደብዳቤ ይዘሽ ነይ» አሉኝ። ከማን እንደሆነ ግን አልነገሩኝም።

ጋሼን የጠቆመኝ የሰፈራችን ጎሚስታ ነው።

ቤታቸው ስደርስ እጃቸውን ታጥበው፣ በጋቢያቸው ጫፍ አደራርቀው ፎቶውን ተቀበሉኝ። ቀድመው ያዩት ማሽኑን አይደለም። «እኚህ ማን ናቸው?» አሉ። አያቴ ነው ስላቸው «ነፍስ ይማር» ብለው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ አጉሊ መነጽራቸውን አወጡ።

«ታንክ አይደለም የኔ ልጅ። ክሬን ነው።»

ሁሉ ነገሩ በሽቦ ገመድ እንደሚጎተት፣ እንደ ብዙዎቹ የዛሬ ክሬኖች በዘይት ግፊት የሚሠራ ክንድ እንደሌለው አሳዩኝ። የዕድሜው ምልክት እሱ ነው አሉ። ስለ ገመዱ መጠቅለያና ስለ ክላቹ ደግሞ ብዙ አስረዱኝ። እውነቱን ልናገር፣ ራሴን ከመነቅነቅ በቀር የገባኝ ነገር የለም። ማርኩን ስጠይቃቸው «አሜሪካ ሠራሽ ይመስለኛል። ጽሑፉ ግን ሙሉ አይደለም፤ ማርኩ ይኼ ነው ካልኩሽ ዋሸሁሽ» አሉኝ። ሦስት ወር ስዞር እንዲህ ያለኝ አንድ ሰው አልገጠመኝም።

ከዚያ ጣታቸውን ከአባባ ትከሻ ጀርባ አሳረፉ። እዚያ ዘመም ያለች ቀጭን ነገር አለች። እኔ የስልክ እንጨት እላት ነበር። «የመርከብ ምሰሶ ናት። መርከቧ ውሃ ውስጥ ነች» አሉ።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1941 እንግሊዞች ምጽዋን ሲይዙ ጣልያኖች ወደቡን ለመዝጋት መርከቦቹን ራሳቸው አስጥመዋቸው ነበር። በ1942 ኤልስበርግ የሚባል የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን መጥቶ ማውጣት ጀመረ። ጆንሰን፣ ድሬክ ኤንድ ፓይፐር የተባለ የአሜሪካ ተቋራጭም ያኔ ኤርትራ ውስጥ ይሠራ ነበር። ጋሼ ይህን የሰሙት ልጅ ሆነው ጋራዥ ሲገቡ፣ ሥራ ካስተማሯቸው ምጽዋ ከነበሩ ሽማግሌዎች ነው። ሁለተኛውን ፎቶማ ገና ሲያዩት ሳቁ። የመብራት ምሰሶ የምንለው ለካ ቴሌፈሪካ ኖሯል! ጣልያን የዘረጋው፣ ከምጽዋ አስመራ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ዕቃ በገመድ የሚያመላልስ።

ፎቶውን ሲመልሱልኝ ድንገት «መዳፋቸው ላይ ጠባሳ ነበረባቸው?» አሉኝ።

ደነገጥኩ። አባባ ቀኝ መዳፉ የተኮማተረ ነበር። «የምጽዋ ብረት ነው» ይለን ነበር፤ ያንንም አላመንነውም። ጋሼ «እዚያ ፀሐይ ላይ የዋለ ብረት በባዶ እጅ አይያዝም። እነዚያም ሽማግሌዎች ነበረባቸው» አሉ። ሰው ቤት ተቀምጬ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ባለቤታቸው ምንም ሳይሉ ቡናዬን ቀየሩልኝ።

ብር ባወጣ ተቆጡኝ። የፈለጉት የፎቶውን አንድ ኮፒ ብቻ ነው። ማታ ለትልቁ አጎቴ ደውዬ ነገርኩት። ስልኩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ዝም አለ። ከዚያ «ጋራዥ የነበሩት ሽማግሌዎች ስም ይታወቃል?» አለኝ። አሁን እሱም ሊሄድ ነው።

እባካችሁ፣ የአባት የአያት ሳጥን ያላችሁ፣ ማሽን የሚታይበት ፎቶ ካገኛችሁ ለማንም አታሳድሱ። እሳቸው ጋ ውሰዱት። ዋናውን ውሰዱ፣ በስልክ ያነሳችሁትን አይደለም። ጠዋት ከ4 ሰዓት በኋላ ሂዱ፤ ከምሳ በኋላ ጋደም ይላሉ። አጉሊ መነጽራቸው ተሰንጥቋል፤ ቤታችሁ ካለ ይዛችሁ ሂዱ።